የበላሁት አደራ

በ2011 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት፣ ሥጋና ወተት ከአፌ ሳይደርስ፣ ሰው በላሁ። መሣሪያዬ ስልክ፣ ምክንያቴ ሳቅ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ለባለቤቴም መጀመሪያ ውሸት ቀላቅዬ፣ በኋላ እውነቱን ነግሬያታለሁ። በጽሑፍ ሳወጣው ግን የመጀመሪያዬ ነው፤ ለምን ዛሬ እንደሆነ ወደ በኋላ እደርስበታለሁ። የልጅቷን ስም አልጠራም። የተወለደችበትን ከተማ፣ ሥራዋን፣ ዕድሜዋን፣ መልኳንም አልናገርም። አንዴ የሸጥኳትን ሰው "ተጸጸትኩ" በሚል ሰበብ መልሼ ገበያ አላወጣትም።

ታይላንድ የወሰደኝ የታላቅ ወንድሜ ሕመም ነው። በዚያን ጊዜ አገር ቤት ያልተቻለ በሽታ የያዘው ሰው፣ ያለው በገንዘቡ፣ የሌለው ዘመድ አዝማድ አዋጥቶለት፣ ባንኮክ ይሄድ ነበር። በሱኩምቪት ጎዳና፣ ሶይ ሦስት በሚሉት ሰፈር አካባቢ፣ በአማርኛ ተጣልቶ በአማርኛ መታረቅ ይቻላል። እንጀራ አለ፣ ቡና አለ፣ ስለ ኪሎና ስለ ጉምሩክ የሚጨቃጨቁ ነጋዴዎች አሉ። ወንድሜ ከቀዶ ሕክምናው ወጥቶ ማገገም ሲጀምር እኔ አስታማሚው ሥራ ፈታሁ። ቆቤን ቀድጄ መስፋት ብቻ ነበር የቀረኝ።

የአክስቴ ልጅ ነጋዴ ናት፤ ከፕራቱናም ገበያ ልብስ እየጫነች አዲስ አበባ ታከፋፍላለች። እዚያው ገበያ አጠገብ ልብስ የምታሰፋባት አንዲት ታይላንዳዊት ነበረቻት። ለሐበሻ ሠርግ የሚሆን ቀሚስ ፎቶውን ብቻ አይታ ቆርጣ ትሰፋለች። ይህች ልብስ ሰፊ ወንድ ተብላ የተወለደች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ግን እንደ ሴት የኖረች ትራንስጀንደር ናት። የአክስቴ ልጅ ይህን ታውቃለች። ስጠይቃት "ጨርቅ አትሰርቅም፣ ቀጠሮ አታፈርስም፤ ሌላው የፈጣሪዋና የሷ ጉዳይ ነው" አለችኝና ወደ ሒሳቧ ተመለሰች። ያን ሰሞን ሰፊዋ ለአንዲት ተወዳዳሪ የምሽት ቀሚስ ሰፍታ ኖሮ፣ ሁለት መግቢያ ካርድ ሰጠቻት። አንዱ ለእኔ ደረሰ።

ውድድሩ ሚስ ኢንተርናሽናል ኩዊን ይባላል፤ ትራንስጀንደር ሴቶች ከየአገሩ መጥተው በቁንጅና የሚወዳደሩበት ነው። የሚካሄደው ከባንኮክ በስተደቡብ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በፓታያ፣ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ቲፋኒ በሚባለው ቲያትር ቤት ነው። ቲያትር ቤቱ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትራንስጀንደር ሴቶች የሚዘፍኑበትና የሚደንሱበት መድረክ ሆኖ ቆይቷል። በ1998 የአገሪቱን ልጆች ማወዳደር ጀመረ፣ በ2004 ደግሞ በሩን ለዓለም ከፈተ። የመጀመሪያውን ዘውድ ታይላንዳዊት ወሰደችው፤ ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ጃፓን፣ ወደ ደቡብ ኮሪያ፣ ወደ ብራዚል፣ ወደ ቬንዙዌላ፣ ወደ ቬትናም ሄዷል። አፍሪካም ባዶ እጇን አልቀረችም። እ.ኤ.አ. በ2011 ናይጄሪያን ወክላ የቀረበችው ሚስ ሳሃራ ከአሸናፊዋ ቀጥላ ሁለተኛ ወጥታለች። እሷም ከአገሯ ተሰድዳ እንግሊዝ የምትኖር ነበረች።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከጊዜ በኋላ ነው። ያን ቀን ከኤካማይ መናኸሪያ አውቶቡስ ስሳፈር በጭንቅላቴ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያስቅ ነገር አያለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ለጓደኞቼ የማወራውን ወሬ ከወዲሁ እያሳመርኩ ነበር። የአክስቴ ልጅ በመስኮት እያየች "አንተ ሰውዬ፣ ጾም ነው፣ ምላስህንም አስጹመው" አለችኝ። ሳቅሁ።

የካቲት 29 ቀን፣ ዓርብ ማታ ነበር፤ በፈረንጆቹ ማርች 8፣ የሴቶች ቀን። አዳራሹ ውስጥ ይገኛሉ ብዬ የጠበቅኳቸው ጎብኚዎችና ሰካራሞች ነበሩ። ያገኘኋቸው ግን አያቶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ የልጃቸውን አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ አባቶች ናቸው። ሃያ የሚሆኑ ተወዳዳሪዎች የየአገራቸውን ብሔራዊ ልብስ ለብሰው ወጡ፤ አንዳንዱ ከባለቤቱ ቁመት ሁለት እጥፍ የሚሆን ላባና ዶቃ የተሸከመ ነው። ቀጥሎ የዋና ልብስ፣ ከዚያም የምሽት ቀሚስ። በመጨረሻ ለቀሩት ጥቂቶች ጥያቄ ቀረበላቸው፤ እያንዳንዷ ማይክሮፎን ጨብጣ ለምን እንደመጣች ተናገረች። እንባ የተናነቃቸውም ነበሩ። ሳቄን ይዤ የተቀመጥኩት እኔ የምስቅበት አጣሁ። ዘውዱን የወሰደችው የአሜሪካዋ ጃዜል ባርቢ ሮያል ናት፤ በውድድሩ ታሪክ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር። ስሟ ሲጠራ እጄ ሳላዝዘው አጨበጨበ። ጥቁር ስታሸንፍ ማጨብጨብ ለምዶብኝ ነው እንጂ ልቤ ተለውጦ አልነበረም፤ ያን ምሽት መልካም ሰው ሆኜ ነበር ብዬ አላስመስልም።

ከውድድሩ በኋላ ልብስ ሰፊዎቹና ወዳጆቻቸው በአንድ ሆቴል አዳራሽ እራት አዘጋጅተው ነበር። ሙሉ ልብስ ግዴታ ስለነበር የወንድሜን ኮት ለብሻለሁ፤ እጅጌው ይረዝመኛል። ሴቶቹ በረጅም ቀሚስ፣ ወንዶቹ በክራቫት፣ ጠረጴዛው በነጭ ጨርቅ። ይህን የመሰለ ሥርዓት ያለው ግብዣ ብዙ ሠርግ ላይ አላየሁም። ሰፊያችን አጠገባችን ተቀምጣ በሰባራ እንግሊዝኛዋ ታጫውተን ጀመር። እኛ አገሯን የነጻነት አገር አድርገን እናወራለን፤ እሷ ደግሞ መታወቂያዋን አውጥታ አሳየችን። የፈለገችውን ቀሚስ ብትለብስ፣ ዓለም ሁሉ ቢያጨበጭብላትም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የወንድ ማዕረግ ነው፤ ሕጉ እንድትቀይረው አይፈቅድም። ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላት እንደማንኛውም ወንድ ለውትድርና ዕጣ ተጠርታለች። በየዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ ጎረምሶች ይሰለፋሉ፤ ቀይ ካርድ ያወጣ ወታደር ይሆናል፣ ጥቁር ያወጣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንደሷ ያሉትን ሠራዊቱ ያሰናብታቸዋል፤ በማሰናበቻው ወረቀት ላይ ግን ለብዙ ዓመት ይጻፍ የነበረው "ዘላቂ የአእምሮ መታወክ" የሚል ነበር። ያን ወረቀት ይዞ ሥራ መቀጠር ከባድ ነው። አንዷ ከስሳ፣ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ጽሑፉ እንዲቀየር የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሰፊያችን "እኔ መርፌ የያዝኩት ለዚህ ነው፤ መርፌ ወረቀት አይጠይቅም" አለችን።

ከዚያ ሾርባ መጣ። እኔና የአክስቴ ልጅ የተለመደውን የሐበሻ ክርክር ጀመርን። ዓሣ በዐቢይ ጾም ይበላል፣ አይበላም? እሷ ይበላል ባይ ናት፣ እኔ አይበላም ባይ ነኝ። ድምፃችን ከፍ ብሎ ኖሮ፣ ከኋላዬ ካለው ጠረጴዛ አንድ ድምፅ በጠራ አማርኛ፣

"ጋሼ፣ እሱ ሾርባ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ሽሪምፕም አለበት። ይቅርብዎት" አለኝ።

የአክስቴ ልጅ ማንኪያዋን ጣለች። "ውይ በሞትኩት! ሐበሻ ነሽ እንዴ?"

ልጅቷ ነበረች፤ እሷም እንደ ሰፊያችን ትራንስጀንደር ናት። ወንበሯን አዙራ መጣች። የምትበላው ሩዝና አትክልት ብቻ ነው፤ እንቁላል እንዳይነካው አስተናጋጁን ደጋግማ አስጠንቅቃዋለች። እኔ እንደ መርማሪ "ትጾሚያለሽ?" አልኳት፣ ግርምቴን እንኳ ሳልደብቅ። "ከእናቴ ጋር ነው የምጾመው" አለች። እናቷ አገር ቤት ናቸው። እናት ሲጾሙ ልጅ ትጾማለች፣ እናት ሲፈስኩ ልጅ ትፈስካለች፤ እናትየው አያውቁም።

የአክስቴ ልጅ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። ስለ ጤፍ ዋጋ ጠየቀችን፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ዝናቡ። ስልክ ላይ ካልሆነ በቀር ፊት ለፊት አማርኛ ካወራች ዘመን እንደሆናት ነገረችን። ለአፍታ ወጥቼ ስመለስ ከመቀመጫዋ ተነሥታ "ኖር" አለችኝ። "በእግዜር" አልኩ። በዚያ አዳራሽ ለእኔ የተነሣልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ትንሽ ቆይቶ ሰፊያችን ቀሚሱን ከሰፋችላት ተወዳዳሪ ጋር ፎቶ አንሣኝ አለችኝ። ስልኬን አወጣሁ። ልጅቷ ወዲያው ተነሥታ ወደ ኋላ ሸሸች።

"ጋሼ፣ አደራ። እኔ እንዳልገባ። ቤት አያውቁም።"

"ምን በወጣኝ! አትስጊ" አልኳት።

አንድ ፎቶ አነሣሁ፣ እሷ የለችበትም። ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ የሆነ ነገር ተናግራ ሁሉም ሳቀ፤ ልጅቷም ከኋላ ሆና አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። በዚያን ጊዜ ስልኩን ትንሽ ወደ ግራ አዞርኩና ተጫንኩት። ለባለቤቴ መጀመሪያ የነገርኳት "ሳላውቅ ገባችበት" ብዬ ነው። ሳላውቅ አልነበረም። እሷ ነበረች የምፈልጋት። የውጭ አገር ሰዎችን ፎቶ ማን ያያል? ከመካከላቸው ሐበሻ መኖሩ ነው ወሬው።

ሌሊቱን ፓታያ አደርን። አልጋዬ ላይ ሆኜ ፎቶውን ለድሮ የክፍል ጓደኞቼ የቴሌግራም ቡድን ላክሁት። ሰማንያ የሚሆን ሰው አለበት። ከሥሩ የጻፍኩት በግምት እንዲህ ይላል፤ "ከእነዚህ ውስጥ የአገራችን ልጅ የትኛው ነው? ለገመተ ቢራ እገዛለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ።" ጾሙን እንኳ ማክበሬ ነው!

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። በዚያ ቡድን ውስጥ እኔ ማንም አልነበርኩም። አንዱ ኮንትራክተር ነው፣ አንዱ ሐኪም ነው፣ አንዱ ከአሜሪካ የልጆቹን ምረቃ ይልካል። እኔ "መልካም በዓል" ስል ሁለት ሰው ነው የሚመልስልኝ። ያን ሌሊት ግን ስልኬ ሲንጫጫ አደረ። ሳቁ፣ ገመቱ፣ ፊቷን አጉልተው ቆርጠው መልሰው ላኩት፣ ሌላ አምጣ አሉኝ። አንዱ "ነውርን ማጋለጥ ጽድቅ ነው" ብሎ ጻፈ፤ እኔም ይህችን ቃል ወድጄ ለበስኳት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጽድቅ በሐሳቤ አልነበረም። ለመሳቅና ለመወደድ ያደረግሁትን ነገር ሃይማኖት አለበስኩት።

ቅዳሜ ባንኮክ ተመለስን። እሑድ መጋቢት 1 ቀን፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ባንኮክ ላይ ቀትር አልፏል። በወንድሜ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ስልኬን ሳገላብጥ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት መጣ። በእራቱ ላይ "እሑድ እገባለሁ" ብዬ አውርቻት ነበር፤ ሐኪሙ ቀኑን እንዳራዘመብን ግን አታውቅም። ቁጥሬን ከሰፊዋ ወስዳ እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ "ጋሼ፣ የኢትዮጵያ አውሮፕላን ወደቀ ይላሉ። እርስዎ እንዳልሆኑ ይንገሩኝ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለኝም፤ ሻማ ቤቴ አብርቻለሁ።"

"ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ መለስኩላት። ከዚያ የክፍል ጓደኞቼን ቡድን ከፈትሁ። ጨዋታው ተለውጦ ሁሉም እያለቀሰ ነው። ከእሷ ፎቶና ከእኔ ቀልድ ሥር፣ ለሟቾቹ የተላኩ የሻማ ሥዕሎች ተደርድረዋል።

ያን ሰዓት ልሰርዘው እችል ነበር። አስቤበትም ነበር። ለምን ሰረዝከው ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ ብዬ ተውኩት። ከሁሉ ይልቅ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው። ፎቶውን በላክሁ ጊዜ በሞቅታ ነበርኩ እንበል፤ እሑድ ዕለት ግን ቀዝቅዣለሁ፣ መልእክቷ እጄ ላይ ነው፣ ጣቴም ስልኩ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እነግራችኋለሁ፤ ዝርዝሩ የእኔ አይደለም። ፋሲካ ሳይደርስ ፎቶው ከአንዱ ወደ አንዱ ተላልፎ ወንድሟ እጅ ገባ። ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ ተመለሰ። ደግማ ላከች፤ ደግሞ ተመለሰ። ስልክ ስትደውል የሚያነሣ ጠፋ። ለእኔ አልደወለችም፣ አልተሳደበችም። የደወለችው ለአክስቴ ልጅ ነው፤ የጠየቀቻትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ጋሼ ናቸው?"

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ እንደገባች ሻንጣዋን ሳትፈታ ቤቴ መጣች። ቡና እንኳ አልቀመሰችም። "አደራ ብላህ አልነበረም?" አለችኝ። ቡድኑ ዝግ ነው፣ የጓደኛሞች ነው ብዬ ጀመርኩ። "ሰማንያ ሰው የገባበት ዝግ ቤት የት አይተህ ታውቃለህ?" አለችና ተነሥታ ወጣች። ልብስ ሰፊዋም ከዚያ ወዲያ አልሰፋችላትም። የአክስቴ ልጅ ገበያዋን ያጣችው በእኔ ነው፤ ስለ ብሩ ግን አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ስሄድ የተዘጋጀሁት ለሌላ ጥያቄ ነበር። እዚያ ዓይነት ቦታ ለምን ሄድክ ይሉኛል፣ ምን አየህ ይሉኛል ብዬ መልስ ሸምድጃለሁ። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ፣ "የነገረችህን ለማን ለማን ተናገርህ?" አሉኝ። ቁጥሩን ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ "እኔ አሁን የነገርከኝን ወጥቼ ብናገር ክህነቴ ይሻራል" አሉ። ስለ ውድድሩ አላነሡም። ቀኖና ሰጡኝ፤ ከሁሉ አስቀድመህ ግን ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት አሉኝ። ጻፍኩላት፤ ቁጥሩ ተዘግቷል። በሰፊዋ በኩል ሞከርኩ፤ "መልእክት አላደርስም" አለች። እውነቷን ነው፤ መልእክት ለእኔ ተሰጥቶ ምን እንዳደረግሁት አይታለች።

ቤተ ክርስቲያን እንደ ልጅቷ ስላሉ ሰዎች የምታስተምረውን አውቃለሁ፤ ብዙዎቻችሁም ይህን ስታነቡ የምታስቡትን እገምታለሁ። በዚያ ላይ ልከራከራችሁ አልመጣሁም፤ እኔ ራሴ ሐሳቤ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ለክቼ መናገር አልችልም። የማውቀው ይህን ነው፤ የትኛውም ትምህርት፣ የትኛውም ሥርዓት፣ ኖር ብላ የተነሣችልኝን ልጅ እንዳጋልጥ አላዘዘኝም። አደራ ያለኝ ነፍሰ ገዳይ ቢሆን እንኳ ሳልጠብቅለት ከቀረሁ አደራ በላ ነኝ። እሷ ደግሞ የሠራችው ወንጀል እራት መብላት ነው።

ሕጉንም አንብቤዋለሁ፤ ከጊዜ በኋላ፣ ራሴን ነጻ የማወጣበት ቃል ስፈልግ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 የሚቀጣው ከተመሳሳይ ፆታ ጋር የሚፈጸም ድርጊትን ነው። ቀሚስ ለብሶ ግብዣ ላይ መሳቅ እዚያ ውስጥ የለም። ይሁን እንጂ መንደር አንቀጽ አያነብም። ወንድሟም፣ ጎረቤቱም፣ እኔም ስንስቅ፣ አንቀጹን ያነበበ አልነበረም።

አሁን ለምን እንደምጽፍ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በፈረንጆቹ ነሐሴ 2023፣ የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን የተመሳሳይ ፆታ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል በሚል እንደሚፈትሹ ሲያስታውቁ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም የሰዎች ፎቶ ከነስማቸው እየተለጠፈ እንዲደበደቡ የሚቀሰቅሱ ቪዲዮዎች ተሰራጭተው ነበር። በዚያ ሰሞን የእህቴ ልጅ ምሳ ላይ ስልኩን አቀበለኝ፤ "ጋሼ፣ ይሄን ጉድ አዩት?" አለኝ። ፎቶዎች ተራ በተራ ያልፋሉ። ከመካከላቸው አንዱ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የአክስቴ ልጅ ግማሽ ፊት፣ ከኋላ አንገቷን ጥላ የምትስቅ ልጅ። ከአራት ዓመት በላይ ሆኖታል። ከእኔ ስልክ ወጥቶ ማን ማን ጋ አድሮ እንደመጣ እግዜር ይወቀው። የእህቴ ልጅ ይስቃል። ያነሣሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ሳቁን አቋርጦ አየኝ፤ "ታዲያ የት ነው ያሉት አሁን?" አለኝ። አላውቅም አልኩ።

ያን ጊዜ ወዲያው መጻፍ ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ጋሼ የሚሉኝ ሰዎች ምን ይሉኛል አልኩ። ስለ ጽሑፉ ያማከርኳቸው አንድ ሁለት ወዳጆቼም "የሞተ ነገር አትቀስቅስ" አሉኝ። ፎቶው ግን አልሞተም። በዚህ መካከል ያ ውድድር ቀጥሏል፤ ዘውዱም ወደ ሌሎች አገሮች ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 አንዲት ትራንስጀንደር ታይላንዳዊት ነጋዴ ሚስ ዩኒቨርስን በሙሉ በ20 ሚሊዮን ዶላር ገዝታዋለች። ሰፊያችን ግን ዛሬም መታወቂያዋ ላይ ያው የወንድ ማዕረግ ነው ያለው። የአክስቴ ልጅ ከብዙ ልመና በኋላ ያገኘችልኝ ወሬ አንድ ብቻ ነው፤ ልጅቷ በሕይወት አለች፣ ከባንኮክ ወጥታለች፣ ወዴት እንደሄደች አይነገርህም ተብያለሁ። ይገባኛል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእሷ የተላከ ይቅርታ አይደለም። ለእሷ የሚደርስ ቃል እንደሌለኝ አውቃለሁ። የተጻፈው ለናንተ ነው፣ የድሮ የክፍል ጓደኞቼ፤ የትኛውን ፎቶ እንደምል ታውቃላችሁ። ከስልካችሁ ፈልጋችሁ አጥፉት። ለሌላ ሰው የላካችሁ፣ ያን ሰው ደውላችሁ እንዲያጠፋው ለምኑት፤ በየገጹ ተለጥፎ ያያችሁትም እንዲነሣ አመልክቱ። ቢራውን ለማንም አልገዛሁም፣ የቀረብኝ ዕዳ የለም። ከቡድኑ ወጥቻለሁና መልስ አትላኩልኝ። ፎቶውን መጀመሪያ ማን ላከው ብሎ የሚጠይቅ ካለ ግን የእኔን ስም ስጡት።